የዲማይዋኖች ስም

የሠርጉ መጥሪያ ካርድ ከማተሚያ ቤት የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ጆማር ካርቶኑን ከሞተር ብስክሌቱ አውርዶ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና አንዱን ለአባቱ ለማካሪዮ፣ አንዱን ለታላቅ እኅቱ ለሊጋያ ሰጣቸው። «የሙሽራው ወላጆች» ከሚለው ሥር ማካሪዮ ዲማይዋን፣ ከጎኑም ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናት ሚስቱ ኮንሶላሲዮን ዲማይዋን በወርቅማ ቀለም ተጽፈዋል። ሊጋያ የምትገኘው ካርዱ ሲገለጥ ነው፤ ከሻማ ለኳሾቹ በታች፣ ከቀለበት ያዡ ሕፃን በላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይነ ርግቡን ከሙሽራዋ ራስና ከሙሽራው ትከሻ ላይ ከሚሰኩት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆና። የእናት ቦታ ይዛ ከጆማር ጋር እስከ መሠዊያው የምትሄደው የክርስትና እናቱ ናት። ሊጋያ ከሚላኖ መጥታ ገና አራተኛ ቀኗ ነው። ካርዱን ፊቷ ድረስ አስጠግታ አየችው፤ ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየችው፤ ከዚያ ወረቀቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችና «ወፍራም ነው። አንዱን ስንት አሉህ?» አለች።

«አርባ አምስት ፔሶ።»

«ዘረፉህ በለኛ!»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ የሙሽራዋ እናት ናት የመረጠችው። እሷን ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አልተወለደም።» ሁለቱም ሳቁ። ጆማር ቡናውን ቆሞ ጨልጦ የራስ ቁሩን አጠለቀና ወደ ሥራው በረረ፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፣ ፀሐዩ ሳይከር ግማሽ ሰፈር መጨረስ አለበት። ማካሪዮ ብቻ አልሳቀም። እንዴት ብሎ ይሳቅ? ያንን ልጅ የወለደችው ሊጋያ ናት። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአንድ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ፀንሳ የወለደችው፣ ማካሪዮና ሚስቱ ደግሞ የራሳቸው አስመስለው ያስመዘገቡት ልጅ ነው። ይህን ማካሪዮ ያውቃል፣ ሊጋያ ታውቃለች፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ የሰፈሩ አሮጊቶች ሁሉ ያውቃሉ። የማያውቀው ጆማር ብቻ ነው። ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ባለቤቱ ፊት አያነሳም፤ ዘወር ሲል ነው እንጂ።

ለምን እንደዚያ አደረግህ ቢሉት ማካሪዮ መልሱ ድሮም ዛሬም አንድ ነው፤ ለቤተሰቡ ስም ነው ይላል። ስሙ ብርቅ ነው፣ ይህ እንኳ አይካድም። ሊፓ ከተማ መሀል ገበያ ቆመህ «ዲማይዋን!» ብለህ ብትጮህ ዞሮ የሚያይህ የዚያ ቤት ሰው ብቻ ነው። ማካሪዮ ጂፕኒ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር በነበረበት ዘመን፣ ተሳፋሪ ጭኖ በደረሰበት ከተማ ሁሉ ፖስታ ቤት ገብቶ የስልክ ማውጫ ይገልጥ ነበር። በሠላሳ ዓመት ያገኘው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሲደወልለት «ስሜን ተሳስተው ነው የጻፉት፣ ደግመህ እንዳትደውል» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። በቅርቡ ደግሞ ጆማር በእጅ ስልኩ ሲፈልግ ቆይቶ «አባዬ፣ በመላ አገሪቱ አሥራ ዘጠኝ ነን» አለው። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ሦስቱ ሴቶች፣ ከቀሩት ስድስት አራቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ጆማር። ሴት ልጅ ስታገባ ስሙን ትታ ትሄዳለች፤ ቄስ አይወልድም። ማካሪዮ ይህን ስሌት ኮምፒዩተር ሳይኖር በፊት በጭንቅላቱ ሠርቶ የጨረሰው ሰው ነው፤ ከኮንሶላሲዮን ሦስት ሴቶች ወልዶ ወንድ የሚባል አላየም።

የስሙ ትርጉም «ጥለውት የማይሄዱት» ማለት ነው። እንደ ማካሪዮ አባት አተራረክ፣ ጥንት የባሕር ወንበዴዎች መንደሩን ሲያቃጥሉ ሰዉ ሁሉ ወደ ተራራ ሸሸ፤ አንድ ጀግና ግን ቆስሎ ወደቀ፤ «ይሄንንስ ጥለን አንሄድም» ብለው ተሸክመውት ወጡ፤ የቤቱ መጀመሪያ እሱ ነው። በኋላ አገሩን ቅኝ የገዙት ስፔኖች ለየከተማው የቤተሰብ ስም ዝርዝር አምጥተው «ከዚህ ምረጡ» ሲሉ፣ የጀግናው የልጅ ልጅ «እኔ ስም አለኝ» ብሎ ዝርዝሩን ገፋው። ኮንሶላሲዮን በሕይወት ሳለች ሌላ አተራረክ ነበራት። «ምን ጀግና!» ትል ነበር፣ «እግሩ ሰንካላ ነበር። ካልተሸከማችሁኝ ብሎ እየጮኸ ወንበዴ ሊጠራባቸው ሲሆን ነው ያዘሉት።» ማካሪዮ በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። ጂፕኒው ግንባር ላይ፣ ሌላው ሾፌር የቅዱሳንና የልጆቹን ስም በሚያጽፍበት ቦታ፣ የሱ ላይ በቀይ ቀለም ይኸው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

ሊጋያ ሆዷ መግፋት ሲጀምር እናቷ ይዛት ሩቅ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ኮንሶላሲዮን ከመሄዷ በፊት ለሁለት ወር ቀሚሷ ውስጥ ትንሽ ትራስ አስራ ገበያ ስትወጣ ሰንብታ ነበር፤ በአርባ ስድስት ዓመቷ! ስትመለስ ሕፃን ታቅፋ ነው፤ ሊጋያ ከኋላዋ ሻንጣ ይዛ። የማትታወቅ የገጠር አዋላጅ ወረቀቱን እንደታዘዘችው ሞላችው። ልጁ የአዛውንቶች ተአምር ተባለ፤ ሊጋያ ጡቷ እየፈሰሰ በጨርቅ ታስሮላት እኅት ሆነች። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ጣሊያን ሄደች። የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ የቤቱ ጣሪያ፣ ያ ሞተር ብስክሌት ሁሉ የሷ ነው። ልጁ ስልክ ሲደውልላት «እትዬ፣ ስፖርት ጫማ ላኪልኝ» ይላታል፤ ትልክለታለች።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ማካሪዮና ሊጋያ ሄደው የጆማርን የልደት ምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ግልባጭ ማውጣት ነበረባቸው፤ ለጋብቻ ፈቃዱ ይፈለጋል። ማዘጋጃ ቤቱ ከቤታቸው በጂፕኒ ሃያ ደቂቃ ነው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ምንም አልተነጋገሩም፤ ድሮም ብዙ አይነጋገሩም። እሷ ስትመጣ ሽቶና ቸኮላት ታመጣለታለች፣ የጉልበቱን መድኃኒት ታመጣለታለች፣ «ደም ግፊትህን ተለክተሃል?» ትለዋለች፤ እሱም «ተለክቻለሁ» ይላታል። እዚያ ላይ ያልቃል። አንዳንዴ ማካሪዮ ከጎኗ ሲቀመጥ የሆነ ነገር ሊናገር የፈለገ ይመስለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ለራሱም አይታወቀውም ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ተራ ረጅም ነበር። ግድግዳው ላይ ሦስት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተሰቅሎ የሚሠራው አንዱ ነው፤ የእንጨቱ አግዳሚ ላይ ሰው ተጠጋግቶ በተራ ቁጥሩ ወረቀት ራሱን ያራግባል። ሊጋያ የደረሳቸውን ቁጥር አየችና «አርባ አንድ» አለች። መስኮቱ ላይ ሃያ ስምንት ነበር የተጠራው። መስኮቱ ውስጥ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ድምፅዋ እስከ ግቢው በር የሚሰማ ወፍራም ሴት ተቀምጣለች፤ የሰዉ ምስጢር ሁሉ በሷ አፍ አደባባይ ይወጣል። አንዱን «ሚስትህ ይህቺ ናት ወይስ በዚያ ወረቀት ላይ ያለችው?» ትለዋለች፣ አንዷን «እመቤት፣ ዕድሜሽን ስንቴ ነው የምትቀንሺው?» ትላታለች፤ አግዳሚው ሁሉ ይስቃል። ከእነ ማካሪዮ በፊት የተነሱት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ወጣት አራስ ልጅ ታቅፋ፣ እናቷ ደግሞ ዣንጥላና የሽንት ጨርቅ ቦርሳ ይዛ።

«የአባት ስም?» አለች መዝጋቢዋ።

«የለም» አለች እናትየዋ ፈጠን ብላ።

«የለም ሲባል ሞቷል ወይስ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል» አለች ልጅቷ ራሷ፣ «ሞቶ ቢሆንማ አለቅስለት ነበር።» አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። መዝጋቢዋም ሳቀች።

«እንግዲያው ልጁ ያንቺን የቤተሰብ ስም ይይዛል። ያልተጋቡ ሰዎች ልጅ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። እዚህ ጋ ፈርሚ፤ እዚህም። በይ፣ እግዜር ያሳድግልሽ።» ማህተሙን ሁለቴ አሳረፈችው። ልጅቷ ፈረመች፣ እናቷ ሕፃኑን ተቀበለቻት፣ ሁለቱም ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ማካሪዮ በሩ ድረስ በዓይኑ ተከተላቸው። እናትየዋ ደረጃው ላይ ቆም ብላ የሕፃኑን ካልሲ ስታስተካክል አያት፤ አላፈረችም፣ አላለቀሰችም፣ ሰው ያየኛል ብላ ግራ ቀኝ አላለችም።

ተራቸው ደርሶ ሊጋያ ማመልከቻውን ስትሰጥ ማካሪዮ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ወደ መስኮቱ ቀረበ። «የኔ እመቤት፣ አሁን ያ ሕግ... ልጁ የእናቱን ስም ይይዛል ያልሽው... አዲስ ነው?»

«የምን አዲስ፣ አባቴ! ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው።» መነጽሯን አወለቀችና አየችው። «ምነው፣ የሚመዘገብ አለ እንዴ በዚህ ዕድሜዎ?» አግዳሚው እንደገና ሳቀ።

ሠላሳ ስድስት። ጆማር ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ማካሪዮ ቁጥር አይጠፋበትም። እንዲህ ከሆነ ሊጋያ ያን ጊዜ በራሷ ስም ብታስመዘግበው ልጁ ያው ዲማይዋን ይሆን ነበር። ትራስ ባላስፈለገ። ሩቅ ከተማ መሄድ ባላስፈለገ። ስሙ በየትኛውም መንገድ አይጠፋም ነበር፤ ሴትዮዋ ሁለት ቦታ ታስፈርማት ነበር፣ አለቀ፣ ሦስት ደቂቃ። ሊጋያ የግልባጩን ክፍያ ከፍላ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ውስጥ ከትታ ክንዱን እስክትይዘው ድረስ ማካሪዮ መስኮቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከማዘጋጃ ቤቱ ማዶ ሎሚ ቤት አለ፤ ሎሚ የሚሉት ወፍራሙን ፓስታ ከጉበትና ከእንቁላል ጋር አጥብቀው የሚያፈሉትን ሾርባ ነው፣ የሊፓ ሰው ከታመመም ከተደሰተም የሚበላው። ሊጋያ ሁለት ሳህን አዘዘች። ሰማንያ አምስት ፔሶ ሆኗል ብላ ተገረመች፤ ስትሄድ ሃያ ነበር። ማካሪዮ ማንኪያውን አላነሳም። ውጭ ባለሦስት እግር ታክሲዎች ተሳፋሪ ይጣራሉ፤ ከውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርትና የአኩሪ አተር ስጎ የፈሰሰበት ፕላስቲክ፣ ከግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ። ማካሪዮ «ታውቂ ነበር?» አላት።

«ምኑን?»

«ልጁ በአንቺም ቢመዘገብ ስማችንን ይይዝ እንደነበር።»

ሊጋያ ሾርባውን አማሰለች። «አዋላጇ ነግራኝ ነበር። ወረቀቱን ስትሞላ 'ለምን ትደክማላችሁ፣ በልጅቷ ስም ቢሆንም ያው ነው' ብላ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ለስሙ ብዬ...»

«ነግሬህ ነበር፣ አባዬ።»

ድምፅዋን አላነሳችም። ማካሪዮ ግን ልክ ይህን እንደሰማ ሁሉ ነገር ተመለሰለት፤ ሲመለስ ደግሞ እንደ ትናንት ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ጂፕኒው ጥላ ሥር፣ የቀይ ቀለም ቆርቆሮ እግሩ ሥር አድርጎ ስሙን አዲስ ሲቀባ። ከአክስቷ ቤት የተመለሱበት ሳምንት ነው። ሊጋያ እግሯ አብጦ፣ በአባቷ አሮጌ ሸሚዝ፣ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። «አባዬ፣ አሁንም ቢስተካከል ይቻላል አሉ። ስሙ አይጠፋም። እኔ ልያዘው።» እሱ ብሩሹን ከሰሌዳው አላነሳም፣ ፊቱንም አላዞረም። ምን እንዳላትም አስታወሰ። «የኔ ስም በጓሮ በር አይገባም» ነው ያላት። ያኔ ስሙ አልነበረም ያስጨነቀው። አብረውት የሚነዱት ሾፌሮች ጂፕ ማቆሚያው ላይ ምን ይሉኛል ነው፤ ቅዳሜ ዶሮ ማዋጊያው ጋ ምን ይሉኛል ነው። ስሙን ሰበብ አደረገው፤ ሰበቡን ደጋግሞ ሲናገረው ራሱም አመነው፤ የሷን ቃል ደግሞ ከናካቴው ረሳው። ጉድ ነው፣ ሰው እንዲህ ያለውን ይረሳል? ይረሳል፤ የረሳውን ደግሞ ሌላው ተሸክሞለት ይኖራል።

«ልጄ...» አለ ማካሪዮ። እንባው ቀደመው። ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰው ሎሚ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ አስተናጋጇ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው ሊጋያ፤ መሐረብ አቀበለችው።

«ዛሬ ሲመጣ እነግረዋለሁ። በቃ። ሁሉንም እነግረዋለሁ።»

ሊጋያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ማካሪዮ ልጁ ስትቆጣ አይቷት አያውቅም፤ አሁን አያት። «እንዳትሞክራት! ሰማኸኝ አባዬ? እንዳትሞክራት። የምነግረው እኔ ነኝ።» ከዚያ፣ ለአራት ቀንም ለሃያ ስምንት ዓመትም ያልነገረችውን ነገረችው። ቀን ቆርጣለች። የሠርጉ ዋዜማ፣ ሸሚዙን ስትተኩስለት፣ ሁለቱ ብቻ ሆነው። የወር ፈቃድ የወሰደችው ለዚህ ነው። የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታለች፤ ከየት እንደምትጀምር፣ የቱን እንደምትዘልል፣ ሲያለቅስ ምን እንደምታደርግ። ሚላኖ የምታስታምማት የዘጠና ዓመት አሮጊት አለች፤ ገላዋን ስታጥባት፣ ፀጉሯን ስታበጥራት፣ በአገሯ ቋንቋ በታጋሎግ ለሷ እየነገረች ስትለማመድ ነው የኖረችው። «'ጆማር፣ ተቀመጥ፣ አትደንግጥ' ብዬ እጀምራለሁ። እሷ አንድ ቃል አይገባትም። ስጨርስ እጄን መታ መታ ታደርገኛለች። አንዴ ሳላለቅስ ጨርሼው አውቃለሁ።» ሳቅ አለች። «ይቅር ይበለኝ አይበለኝ እሱ ያውቃል። ግን ከኔ አፍ ነው የሚሰማው። ያችን ለኔ ተውልኝ።»

«እሺ» አለ ማካሪዮ። «እሺ ልጄ፣ ከአፌ አትወጣም።» ከልቡ ነበር ያለው። ሾርባውንም ጨረሰ። ሊጋያ ለሠርጉ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ መሄድ ነበረባት፤ ወረቀቱን ለሱ ሰጥታ ታክሲ ላይ አሳፈረችው፣ ሾፌሩንም «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወገቡን ያመዋል» አለችው።

ማካሪዮ ቤት ሲገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ካርዶቹ አጠገብ አስቀመጠና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ጆማር ላብ በላብ ሆኖ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ እንደ ወትሮው የአዛውንቱን እጅ አንስቶ ግንባሩን አስነካው። ልጅ ለወላጅ የሚያደርገው ሰላምታ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ከዚያ ውሃ ጠጣና ወረቀቱን ከፕላስቲኩ አወጣ። «ይሄን አየኸው አባዬ? 'የእናት ዕድሜ፣ አርባ ስድስት'! እማዬ እኮ ጀግና ነበረች። የሙሽራዋ እናት ይሄን ስታይ 'የናንተ ዘር አያረጅም' ነው የምትለኝ።» ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠ። «ታውቃለህ? የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ከሆነች ኮንሶላሲዮን እንላታለን። ተስማምተናል። እማዬ እዚያ ሆና ደስ ይላታል፣ አይደል?»

ማካሪዮ «አይደለችም» አለ።

እንዴት እንደወጣችበት አያውቅም። ጆማር «ምን አይደለችም?» አለው እየሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማካሪዮ ማቆም አልቻለም። እውነቱን ለመናገር፣ ማቆምም አልፈለገም፤ ያ ሁሉ ዓመት ደረቱ ላይ የተጫነበት ድንጋይ ሲንከባለል እፎይታው ያስደነግጥ ነበር። ትራሱን ነገረው፣ አዋላጇን ነገረው፣ ቀዩን ቀለም ነገረው። ጥፋቱ የኔ ነው እያለ ነገረው። ለሊጋያ የገባው ቃል ትዝ ያለው መሀል ላይ ነው፤ ግን መሀል ላይ ምን ይደረጋል? ደግሞስ መልካም እያደረግሁላት ነው አለ በልቡ፤ ከባዱን እኔ ተሸክሜላት፣ እሷ ለቀላሉ ትምጣ።

ጆማር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ ዘረጋው። ከጎረቤት የካራኦኬ ዘፈን ይሰማል፤ ቀን በቀን የሚዘፍን ሥራ ፈት አለ። «እትዬ ታውቃለች?» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አታውቅ ልጄ? እሷ አይደለችም እንዴ የወለደችህ?»

«አዎ... እሱስ አዎ» አለ ጆማር፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የግቢው በር ሲንኳኳ ሁለቱም አልተነሱም። ሊጋያ ራሷ ከፍታ ገባች፤ በአንድ እጇ የቀሚሱን ከረጢትና ሙዝ ከፍ አድርጋ ይዛ። ከደጅ ጀምራ ነበር የምታወራው። «ሰፊዋ ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ 'ከሙሽራዋ በላይ እንዳታምሪ ብዬ ነው ደረቱን ሸፈን ያደረግኩት' አትለኝም! ጆማር፣ ና እስኪ እየው፣ ቀለሙ ከናንተ ጋር...» ጆማር ተነስቶ መንገዷ ላይ ቆመ። «እትዬ» አለ፤ ቃሉ አፉ ላይ ደረቀ፤ ሌላ ቃል ፈለገ፣ አላገኘም። ባዶውን እጇን ያዘና አጎንብሶ ግንባሩን አስነካው።

«ተው እንጂ!» ብላ ሳቀች፣ እጇን ልትነጥቅ እየሞከረች። «ለእኅት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው? አሮጊት አደረግኸኝ እንዴ?» እሱ ግን አልለቀቀም። ያኔ ሊጋያ በራሱ ላይ አሻግራ ጠረጴዛውን አየች፤ የተዘረጋውን ወረቀት አየች፤ ከዚያ አባቷን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ከረጢቱን ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ሙዙን አስቀመጠች፣ የልጇን ራስ በዚያው እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ማካሪዮ ምን ልትል እንደነበር ያውቃል፤ ተቀመጥ፣ አትደንግጥ። ግን ልጁ ደንግጦ ጨርሷል፤ ሰምቶ ጨርሷል። የዘለለችው፣ ያስተካከለችው፣ ለዚያች አሮጊት ስንት ዓመት የነገረችው ሁሉ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ጆማር ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። «እሱስ ይሁን፣ ሽማግሌ ነው፣ አፍሮ ነው። አንቺስ? በየሳምንቱ ስደውልልሽ፣ ፊት ለፊቴ አራት ቀን ስትቀመጪ... ዛሬ ጠዋት ካርዱን ስሰጥሽ ስለ ወረቀቱ ውፍረት ነው ያወራሽው። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር» አለች ሊጋያ።

እንዲህ ስትለው ለማካሪዮ ራሱ ውሸት መስሎ ተሰማው። የተያዘ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን አይደል? ጆማር ፊቱን አዞረና ግድግዳ ግድግዳውን አየ፤ እጇን ግን ገና አልለቀቀም ነበር፣ ወይም መልቀቁን ረስቶት ነበር። «ልነግርህ ነበር፣ ጆማር» አለች ደግማ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያውም ባሰ።

ማካሪዮ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳ። እውነቷን ነው፣ ቀን ቆርጣ ነበር፣ አደራ ብላኝ እኔ ነኝ የቀደምኳት፣ ሊል አፉን ከፈተ። ጆማር ዞሮ አላየውም። ሊጋያ ግን አየችው፤ ቁጣ እንኳ አልነበረባትም፣ ደክሟት ነበር።

«ይብቃህ፣ አባዬ» አለችው። «ለዛሬ የተናገርከው ይበቃል።»

ማካሪዮ አፉን ዘጋና ተቀመጠ።